ለመድሽው?

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች። ስለ በረራው አልጠየቀችም። ስለ ሥራም አላነሳችም። «አገሩን ለመድሽው?» አለችኝ። በሦስት ቀን! ገና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዐይኔ ፈጦ ጣራ እያየሁ ነው። «እየለመድኩት ነው» አልኳት። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አሁንም ስትደውል ትጠይቀኛለች። አሁንም እየለመድኩት ነው።

ጥያቄው የሷ ብቻ አይደለም። አማርኛ እየተናገረ ቦታ የቀየረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ሙሽራ ትጠየቃለች። ክፍለ ሀገር የተመደበ አስተማሪ ይጠየቃል። ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ከበር ላይ ይጠየቃል። የሰላምታ ያህል ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አያስበውም። እኔም አላሰብኩትም ነበር፣ አንዲት እናት ለዜግነት ፈተና አስጠኚኝ እስኪሉኝ ድረስ።

ስማቸውን አልጠራም። እማማ ልበላቸው፤ ድሮም የምጠራቸው እንደዚያ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 አልፏል። ግሪን ካርድ ከያዙ ደግሞ 20 ዓመት ደፍነዋል። የአሜሪካ ሕግ ለእንደሳቸው ዓይነቱ ሰው ይራራል። እንግሊዝኛ አይፈተኑም፤ በራሳቸው ቋንቋ በአስተርጓሚ ይጠየቃሉ። ያኔ የነበረው ፈተና 100 ጥያቄዎች ነበሩት፤ እሳቸው የሚያጠኑት 20ውን ብቻ ነው። ከነዚያ ውስጥ 10 ይቀርብላቸዋል፣ 6 ከመለሱ አለፉ። ችግሩ ዋሽንግተንና ሊንከን ነበሩ። ሁልጊዜ ይምታቱባቸዋል። «አንዱ ባሪያ ነጻ ያወጣው ነው፣ አንዱ ገንዘቡ ላይ ያለው ነው» ይሉኛል። ሁለቱም ገንዘቡ ላይ ናቸው እኮ እማማ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ከበታቻቸው ያለው ጎረቤት ውሻ አለው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ። በመጣሁ ቁጥር ይጮኽብኛል። እማማ በሩን ሲከፍቱልኝ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «አይዞሽ፣ እኔንም አልለመደኝም። አራት ዓመቱ!»

የመጀመሪያው ቀን የማመልከቻ ቅጹን ዘረጋን። ኤን 400 ይባላል። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ የተጻፈችውን ረጅም ቃል በጣታቸው ነኩ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«ናቹራላይዜሽን ትላለች። ዜግነት ማግኘት ማለት ነው።»

«ዜግነትማ ሲቲዝን ነው። ይቺኛዋ ሌላ ናት።»

ልክ ናቸው። ሌላ ናት። በእኛ መንደር «ሲቲዝን ሆነ» ነው የሚባለው፤ ከዚያ በፊት «ወረቀት አገኘ» አለ፤ ይቺን ረጅሟን ግን ማንም በአፉ አይጠራትም። ቃሏ ከላቲን ናት። ሥሯ መወለድ ነው። ሌላ ቦታ የተወለደውን ሰው እዚህ እንደተወለደ መቁጠር። እንዲህ ብዬ ላስረዳ ስጀምር አፌ ቀድሞ «ተፈጥሯዊ ማድረግ» አለ። እማማ ሳቁ። «እስከ ዛሬ ፕላስቲክ ነበርኩ?» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «እንግዲያው መልመድ በያት» አሉኝ።

አይሆንም አልኳቸው። መልመድ የሕግ ቃል አይደለም፤ መልመድን ማንም ዳኛ አይሰጥም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለ።

ለመደ የድሮ ቃል ነው። ግዕዝ አለው። ዕብራይስጥም አለው፤ እዚያ «ላማድ» ተማረ ማለት ነው፣ የአይሁዶች ታልሙድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። እኛ ዘንድ የደብተሩን ትምህርት «ተማረ» ወሰደው። ለመደ የቀረለት በእጅና በእግር፣ በጆሮ የሚገባው ነው። ሰው ታሪክ ይማራል፤ መንዳት ግን ይለምዳል። አዲስ አበባ መንገድ ላይ በቀስታ የምትሄድ፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ክላክስ የሚያደርግባት መኪና ላይ «ለማጅ» ተብሎ ተጽፎ አይታችኋል። ያቺ ጽሑፍ ልመና ናት። ገና ነኝ፣ ታገሱኝ ትላለች። እኔ አሜሪካ በገባሁ የመጀመሪያው ዓመት ጀርባዬ ላይ ለጥፌያት ብዞር በወደድኩ ነበር። በተለይ ባንክ ቤት ስገባ።

ዘሩ ብዙ ነው። ልማድ፣ ልምድ፣ ልምምድ፣ ለማዳ፣ ተለማማጅ፣ ልማደኛ። ከአንድ እናት ወጥተው ጠባያቸው ግን አይገናኝም። «ልምድ አላት» ከተባልኩ ሥራ አገኛለሁ። «ልማደኛ ናት» ከተባልኩ እታሰራለሁ። ለማዳ የምንለው ከሰው ጋር የኖረ እንስሳ ነው፤ ሰውንም «ሰው ለማዳ ነው» እንላለን፣ የትም ጣሉት ይኖራል ለማለት። ተረቱ ደግሞ ክፉ ክፉውን ነው የሚያይ። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።» «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።»

ይሄ ክፉ ጎኑ ቅጹም ላይ አገኘን። በዚያ ጊዜው ቅጽ መጨረሻ አካባቢ የሚደረደሩ ጥያቄዎች አሉ፤ ወንጀል ሠርተሻል፣ ዋሽተሻል፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ነበርሽ። አንዷ ሰካራምነት ልማድሽ ሆኖ ያውቃል ወይ ትላለች። እኔ እንዲህ ተረጎምኳት፦ «እማማ፣ ልማደኛ ሰካራም ነበሩ?»

ዝም ብለው አዩኝ። «በጠላ ነው በአረቄ?»

«በማንኛውም።»

«አልነበርኩም በይ። ጥምቀት አትቁጠሪ።»

በሁለተኛው ሳምንት ቤታቸው ስደርስ የልጅ ልጃቸው ሶፋ ላይ በጫማው እየዘለለ ነው። እማማ ከወጥ ቤት ሆነው «ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» አሉ። ልጁ አማርኛ የሚሰማው በግማሽ ነው፤ ድምፁን ግን ያውቀዋል፣ ወረደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስባለው የኖርኩት ነገር ነው። አንድም ቀን ሰዋስዉን አይቼው አላውቅም። «እንዳትለምደው» አላሉትም እኮ። «እንዳይለምድህ» ነው ያሉት። የሚለምደው ልጁ አይደለም፤ ነገርየው ነው። ነገሩ መጥቶ ልጁን እንዳይለምደው። «ለምዶብኝ ነው» ስንልም እንደዚያው ነው። አመሉ ነው ባለቤቱ። እኛ የተለመድንበት ቦታ ነን።

ስለዚህ ቃሉ በሁለት በኩል ይሄዳል። አገሩን ለመድኩት እላለሁ፤ እዚህ ላይ አድራጊዋ እኔ ነኝ። ውሻው ለመደኝ እላለሁ፤ እዚህ ላይ አድራጊው ውሻው ነው፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እጄን ያሸታል፣ ይወስናል። እናቴ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠየቀችኝ የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቅ የለም። አገሩ ለመደሽ ወይ የሚል።

ይህን ለእማማ ነገርኳቸው፣ ትልቅ ግኝት መስሎኝ። እሳቸው ግን አልገረማቸውም። ገጠር ነው ያደጉት። «ላም ገዝተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም። አዲስ ላም ከገበያ ገዝተው ሲያመጡ፣ አሉ፣ የቤቶቹ ከብቶች ይወጓታል። ውሃ ላይ ይከለክሏታል። እሷም የወጣችበትን መንገድ እያየች ትጮኻለች። ለብቻዋ ትታሰራለች። በኋላ አጠገብ ለአጠገብ ይታሰራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ሲወጡ አንዷ የአንዷን አንገት ስትልስ ይገኛሉ። «ያን ጊዜ ተላመዱ እንላለን። እሷ ለመደች አንልም። ተላመዱ ነው።» ቡና አማሰሉ። «ግቢው ሳይለምዳት እሷ ብቻዋን ብትለምድ ምን ዋጋ አለው? ይወጓታል።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁም፤ ብዙ መዝገበ ቃላት ገልጫለሁ።

ዕፅዋትም ላይ ቢሆን ጉዳዩ ይሄው ነው። ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበር። ንጉሡ ዋና ከተማውን አዲስ ዓለም ወደምትባለው ከተማ ሊወስዱት ጀምረው ነበር። ይህ ዛፍ ቶሎ ደረሰ፣ ተቆርጦም ደግሞ አቆጠቆጠ፣ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። ስሙን እዩት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። ፓስፖርቱ ግንባሩ ላይ ነው። አሁን ግን ማን እንደዚያ ይሰማዋል? ስንናገረው እንኳ «ባርዛፍ» ነው የምንለው። ባሕሩን ውጠነዋል። እንጦጦን ያለሱ አስቡት እስቲ። መሬት ያደርቃል፣ አጠገቡ ምንም አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፣ ክሱም እውነት አለው፤ ግን ክሱ አሁን እንደ ቤት ሰው ነው። እንደ ዘመድ ነው የሚታማው።

በርበሬም ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው። በቆሎም። በአንዳንድ አካባቢ በቆሎን የባሕር ማሽላ ይሉታል፤ ማሽላ ነህ፣ ግን ከባሕር ነህ። በርበሬን ግን ማንም ከየት መጣህ አይለውም። በርበሬ መጤ ነው የሚል ሰው አበሻ ቤት ውስጥ ምሳ አያገኝም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ጽድ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፣ የአበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ። የአበሻው የተራራችን ነው፣ አገር በቀል። ፈረንጁ ደግሞ ለአጥር የሚተከለው። ይሄ ፈረንጅ የምንለው ዛፍ በሳይንስ ስሙ «የፖርቱጋል» ይባላል። ፖርቱጋል ግን አገሩ አይደለም። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ስሙ የወጣለት ፖርቱጋል ውስጥ ተተክሎ ይኖር ስለነበር ነው። ምስኪን ዛፍ፣ ፖርቱጋል ሲሄድ ፖርቱጋላዊ ተባለ፣ እኛ ጋ ሲመጣ ፈረንጅ ተባለ። ሜክሲኮነቱን የጠየቀው የለም። ዳያስፖራ የሆነ ሰው ይሄ ዛፍ ይገባዋል።

እምቦጭን ግን ለመደ የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ታወቀ። ጣና ውስጥ ከማናችንም በላይ ተመችቶታል። ግን «ወረረ» እንጂ «ለመደ» አይባልም። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። እሱ ጣናን ለመደ፤ ጣና አልለመደውም። ዓሣ አጥማጁም አልለመደውም፣ በእጁ እየነቀለ ያወጣዋል። ይሄን ምሳሌ ሰዎች ወደ ሰው ሲያዞሩት ግን ደስ አይለኝም። «መጤ» የሚለው ቃል ከአረም ወደ ጎረቤት ሲሻገር ምን እንደሚሠራ ያየ ሰው ቃሉን በጥንቃቄ ነው የሚይዘው። አርባ ዓመት አንድ ቀበሌ የኖረን ሰው መጤ ማለት ከየትኛው ባሕር መጣህ ማለት ነው?

የሕግ ቃሎቻችንም ቢሆኑ ቦታ ቀይረው የመጡ ናቸው። «ዜጋ» አሁን ባለመብት ሰው ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ላይ ግን ዜጋ የሚባለው በባለርስቱ መሬት ላይ የሚኖር ጥገኛ ነበር። «ባላገር» የአገር ባለቤት ማለት ነው፣ ከተማ ገብቶ ስድብ ሆነ። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ መሆን የሚፈልግ የውጭ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲኖር፣ አማርኛም አጥርቶ እንዲናገርና እንዲያነብ ይፈልግ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ዓመቱን ወደ አራት አወረደው። ቋንቋውም ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ሆነ። ይቺ ለውጥ ትልቅ ናት። «አገሩን ለመድሽው?» ለሚለው ጥያቄ፣ የትኛውን አገር፣ በየትኛው አፍ የሚል መልስ ናት።

ይኸው አዋጅ ሌላም ነገር ይላል። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ይህን ለእማማ መንገር የኔ ዕጣ ሆነ። ለብዙ ሳምንት ሳልነግራቸው ቀረሁ። በመጨረሻ ስነግራቸው፣ «አገሬ ስገባ ቪዛ ልጠይቅ ነው?» አሉ። አይደለም፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ፣ ቢጫዋ ካርድ፤ እሷን ከያዙ ቪዛ አያስፈልግም። ብቻ መምረጥና መመረጥ አይቻልም።

«ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ብለው ደገሙት። «ስትወለድ ኢትዮጵያዊት የነበረች ማለት ነው? እዚህ እንደተወለድሽ ይቆጠራል ይሉኛል፣ እዚያ ተወልደሽ ነበር ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ወለዱኝ።» ከዚያ ሊንከንን ጠየቅኳቸው። ዋሽንግተን አሉ።

የባሰው መሐላው ነበር። የአሜሪካ መሐላ አሮጌ ነው፤ ለውጭ አገር መሳፍንትና ገዥዎች ያለኝን ታማኝነት ፈጽሜ ክጃለሁ የሚል ቦታ አለው። በአማርኛ አነበብኩላቸው። አቋረጡኝ። «የትኛውን ንጉሥ ነው የምክደው?»

«አባባሉ ነው እማማ።»

«ጃንሆይን እንደሆነ ከሞቱ ቆዩ።»

«ማንንም አይደለም፣ እንዲሁ ነው የሚባለው።»

«እንዲሁ የሚባል መሐላ አለ እንዴ?» ዝም አልኩ። መሐላን ከልባቸው ይዘው ያደጉ ሰው ናቸው። በኋላ ራሳቸው መላ አገኙለት። «ለሞተ ንጉሥ ታማኝነት የለብኝም። ስለዚህ ውሸት አይደለም።»

ፈተናውን ከ6 ስድስት መለሱ። ስድስት ትክክል ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የዋሽንግተንና የሊንከን ጉዳይ ሳይነሳ ቀረ። የመሐላው ቀን ነጠላ ለብሰው ነው የመጡት። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ከየአገሩ። ሲገቡ ግሪን ካርዳቸውን ተቀበሏቸው። ያቺን ካርድ ሃያ ዓመት በመሀረብ ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ቦርሳ፣ ቦርሳ ውስጥ ቦርሳ አድርገው ነው የያዟት። ሲሰጡ እጃቸው ትንሽ ቆየ። ባዶ መሀረቡን አጣጥፈው መልሰው ያዙት። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም። አልጠየቅኳቸውምም።

ከዚያ የምስክር ወረቀቱ ላይ መፈረም ነበር። ይህችን ልንገራችሁና ላብቃ፤ ፊርማ የአማርኛ ቃል አይደለችም። ከጣሊያንኛ ነው የመጣችው። ስትገባ ስም ነበረች። እኛ ጋ ግን ፈረመ ሆነች፣ አስፈረመ ሆነች፣ ተፈራረመ፣ ፈራሚ፣ አፈራረም። ቴሌቪዥን ይህን ያህል ዘመን ኖሮ አንድም ግሥ አልወለደም። ቴሌቪዥን አሁንም እንግዳ ነው፣ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ፊርማ ግን ወጥ ቤት ገባች። እዚህ ላይ አማርኛም ፊርማን ለምዷታል። እማማ ጎንበስ ብለው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስማቸውን ጻፉ። ከሥሩ አንድ የማይነበብ ጭረት ጨመሩ። ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በአማርኛ መጀመሪያዋን ፊደል» አሉኝ። «ቦታ አልበቃኝም።»

በመኪና ወሰድኳቸው። ትንሿን ባንዲራ እንደ ጭራ ይዘው ዝንብ በሌለበት ያባርሩባታል። ደረጃው ሥር ስንደርስ ውሻው እንደ ልማዱ ተነሳብን። እማማ ቆሙ። ባንዲራዋን ወደ በሩ ቀሰሩ።

«ዝም በል! ሲቲዝን ነኝ።»

እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ ጮኸብን።